ማሳደግና የሕግ ስሞቹ፦ በገዳሪፍና በመተማ ድንበር የምትክ ቤተሰብ ሕግ ታሪክ

መግቢያ

በገዳሪፍና በመተማ መካከል ባለው ምድር የሚሰሙት ቋንቋዎች ልጅን ስለ ማሳደግ ሲናገሩ ሁሉም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ዐማርኛ «አደገ» ከሚለው ግስ «አሳደገ»ን ያወጣል፤ ትግርኛ «ዓበየ» ብሎ «ኣዕበየ» ይላል፤ ዐረብኛም «ረባ» (በዛ፣ አደገ) ከሚለው ግስ መካከለኛውን ፊደል በማጥበቅ «አሳደገ» የሚል ትርጉም ያለውን ግስ ይመሠርታል። ይኸው የ«ረባ» ሥር በዐማርኛም አለ፤ «ረባ»፣ «አረባ»፣ «ርቢ» ሲል ግን ዐማርኛ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ከብት ነው። በሦስቱም ቋንቋዎች ማሳደግ ማለት ማደግን ማስቻል ነው። የልጁን አባት ማንነት፣ ውርሱንና የሚጠራበትን ስም ግሱ አይጠይቅም።

ሕግ ግን እነዚህን ሦስቱን አስቀድሞ ይጠይቃል። ስለዚህም በድንበሩ በሁለቱም ወገን ሕግ አውጪዎች ለዚህ ተግባር ስም ሲፈልጉ የሁሉንም ግስ ትተው ሌላ ቃል መረጡ፤ በሱዳን «ከፋላ»፣ በኢትዮጵያ «ጉዲፈቻ»፣ በኋላም «የአደራ ቤተሰብ»። የሦስቱ ቃላት ትርጉም አንድ አይደለም፤ ልጁ ላይ የሚያስከትሉት ውጤትም አንድ አይደለም። ቀጥሎ የሚቀርበው ታሪክ፣ በሁለቱ አገሮች የተደረገው የሕግ ማሻሻያ ጥረት በቃል ምርጫ ላይ ምን ያህል እንደ ተመሠረተና ወላጅ ያጣ ልጅ ድንበር ሲሻገር ቃላቱ ለምን እንደማይገናኙ የሚያሳይ ነው። የኢትዮጵያ ሕጎች በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ የቀሩት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

«ጉዲፈቻ» ወደ ሕግ ሲገባ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ ዐማርኛ የተመለሰ ነው። ተርጓሚዎቹ ልጅ አድርጎ መውሰድን ለሚገልጸው የሮማውያን ሕግ ጽንሰ ሐሳብ ከግዕዝ አዲስ ቃል አልፈጠሩም፤ ከኦሮምኛ «ጉዲፈቻ»ን ተዋሱ። ቃሉ የተመሠረተበት ሥርዐት ለቋንቋ አጥኚ ግልጽ ነው። «ጉዲሱ» ማሳደግ ነው፤ ለራስ ማድረግን የሚያመለክተው ድኅረ ቅጥያ ሲጨመርበት የማስደረጊያው «ስ» ወደ «ፍ» ይለወጥና «ጉዲፈቹ»፣ ማለትም «ለራስ ማሳደግ»፣ ይገኛል። ቃሉ እንግዲህ የሁሉንም የማሳደግ ግስ በውስጡ ይዞ አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ ልጁ ያደገው ለአሳዳጊው ነው።

ሕጉም ቃሉን ተከትሎ ሄደ። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅን ለማናቸውም ጉዳይ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጥረዋል፤ ውርስም ከዚህ ይከተላል። ይሁንና ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም፤ የሁለቱ ወገኖች መብት በተጋጨ ጊዜ ብቻ ቅድሚያው ለአሳዳጊው ቤተሰብ ይሰጣል። ይህ ድንጋጌ በፍትሐ ብሔር ሕጉም ውስጥ ነበረ። ስለዚህ የኢትዮጵያው ጉዲፈቻ የትውልድን ሐረግ ፈጽሞ ከሚቆርጠው የምዕራቡ ዓለም ሥርዐት ይለያል። ስምምነቱ ግን በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም። መተማን የሚያስተዳድረው የዐማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል።

ቃሉ በሕዝብ አንደበት የደረሰበት ዕጣ ሌላ ነበር። ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ሕፃናት ቁጥር እጅግ በመጨመሩ በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,000 በላይ ልጆች ሄዱ። በከተማ ንግግር «ጉዲፈቻ» ሲባል የጎረቤትን ልጅ ማሳደግ ሳይሆን ልጅን ባሕር ማዶ መስደድ ይታሰብ ጀመር። ስለ ልጆቹ አያያዝ የተነሣው ክርክር እየበረታ ሄዶ አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። የአገር ውስጥ ምትክ እንክብካቤን ለማስፋፋት የተነሡት መሥሪያ ቤቶችም ጊዜያዊውን አያያዝ ለመጥራት ከዐማርኛው «አደራ» የሚለውን አወጡ። «የአደራ ቤተሰብ» ልጁን ይጠብቃል እንጂ የራሱ አያደርገውም፤ የአደራ ባለቤት ሌላ ነውና።

እዚህ ላይ ሁለት የዐማርኛ ቃላት ትኩረት ይሻሉ። የቤተሰብ ሕጉ ለልጁ ደኅንነት ኃላፊ የሆነውን ሰው «አሳዳሪ» ይለዋል፤ ቃሉ «አደረ» ከሚለው እንጂ «አደገ» ከሚለው የመጣ አይደለም። ከ«አሳደገ» የወጣው የቦታ ስም ደግሞ «ማሳደጊያ» ሲሆን በዛሬው የመሥሪያ ቤት ዐማርኛ የድርጅት ግቢ ስም ሆኖ ቀርቷል። ቤተሰብ በየዕለቱ የሚፈጽመው ተግባር ስም የሄደው ለሕንጻው ነው።

«ከፋላ» እና የካርቱሙ ማሻሻያ

በሱዳን የነገሩ መነሻ የተለየ ነው። የእስልምና ሕግ «ተበኒ»ን፣ ማለትም የሌላውን ልጅ የራስ ልጅ አድርጎ መጥራትን፣ አይፈቅድም፤ መሠረቱም ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ የሚያዝዘው የሱረቱል አሕዛብ ቃል ነው። «ተበኒ» «ኢብን» (ወንድ ልጅ) ከሚለው ሥር የወጣ ስለሆነ የተከለከለው ነገር በቃሉ ውስጥ ይታያል፤ ልጅ ያልሆነን ልጅ ማድረግ። የተፈቀደውና የተመሰገነው «ከፋላ» ነው። «ከፈለ» በዐረብኛ ዋስ ሆነ፣ ኃላፊነት ወሰደ ማለት ነው። «ከፊል» የሆነው ሰው ልጁን ያኖራል፣ ያስተምራል፣ ይድራል፤ ስሙን ግን አይሰጠውም። ልጁ በሕግ አይወርሰውም፤ አሳዳጊው ከፈለገ ከሀብቱ እስከ ሢሶ ድረስ ሊናዘዝለት ይችላል።

በዐማርኛና በሱዳን ዐረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የሰው ስም የሚቆመው በአባትና በአያት ስም ስለሆነ ይህ ክልከላ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጅን በአባቱ ስም መጥራት የትውልዱን ሐረግ፣ ማለትም «ነሰብ»ን፣ መናገር ነው። አባቱ የማይታወቅ ልጅ ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር ይህ ጉድለት አብሮት ይጠራል። ዐረብኛ እንዲህ ያለውን የተጣለ ሕፃን «ለቂጥ» ይለዋል፤ የተነሣ፣ የተለቀመ ማለት ነው። «የቲም» (የሙት ልጅ) ለሚለው ቃል ግን የሃይማኖቱ ክብር ሁሉ ተሰጥቶታል። አንድ ሕፃን በየትኛው ቃል እንደሚጠራ መወሰን፣ ማን በሩን እንደሚከፍትለት መወሰን ሆኖ ቆየ።

በካርቱም ማይጎማ የሚባለው ማሳደጊያ የተቋቋመው በ1961 ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለዱና የተጣሉ ጨቅላዎች ይቀበል የነበረ ሲሆን በ1990ዎቹ መጨረሻ ከሚገቡት መካከል አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር። በ2003 መንግሥት፣ ዩኒሴፍና ሌሎች ድርጅቶች ሕፃናቱን ከግቢው አውጥቶ ለቤተሰብ የመስጠት ሥራ ጀመሩ። ለዚህ የተመረጠው የዐረብኛ ስም «ኡስራ በዲላ»፣ ምትክ ቤተሰብ፣ ነበር። ለጥቂት ጊዜ የሚቀበሉት «አስቸኳይ»፣ ልጁን ለዘለቄታው የሚወስዱት ደግሞ ቋሚ ምትክ ቤተሰብ ተባሉ። አዲሱ ስም «ተበኒ» አይደለም፤ ስለዚህ ክልከላውን አይነካም። «ለቂጥ» የሚለውንም አያነሣም፤ ስሙ የሚናገረው ስለ ልጁ አመጣጥ ሳይሆን ስለሚገባበት ቤት ነውና።

ቤተሰቦች ግን መንግሥት ባወጣው ስም ብቻ አልረኩም፤ የሃይማኖት ሊቃውንት ቃል ይጠብቁ ነበር። በ2006 የወጣው ፈትዋ የወላጆችን ጥፋት ከልጁ መብት ለየ፤ የተጣለ ልጅ እንደ የሙት ልጅ እንዲታይና ቤተሰብ በከፋላ እንዲቀበለው አበረታታ። ከቋንቋ አንጻር ሲታይ ፈትዋው ያደረገው ነገር ግልጽ ነው፤ አንድን ልጅ ከ«ለቂጥ» መደብ አውጥቶ ወደ «የቲም» መደብ አዛወረው። አዲስ ድንጋጌ ሳይጨምር አሮጌው ቃል የሚሸፍነውን ሰው አበዛ። በ2004 ወጥቶ የነበረውን የሕፃናት ሕግ የተካው የ2010ሩ ሕግ ደግሞ ሕፃን ማለት ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው መሆኑን ደነገገ።

በዓለም አቀፍ ሰነዶችም «ከፋላ» ሳይተረጐም ነው የገባው። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 20 ምትክ እንክብካቤን ሲዘረዝር ከፋላን በዐረብኛ ስሙ ጠቅሶ ከጉዲፈቻ ጎን አቁሞታል። እዚያው አንቀጽ ላይ ቤተሰብ ሲመረጥ የልጁ የብሔር፣ የሃይማኖት፣ የባህልና የቋንቋ መነሻ እንዲታሰብ ያዝዛል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም በአንቀጽ 25 ይህንኑ ይላል። ቋንቋ የልጅ አመዳደብ መስፈርት ሆኖ በሕግ የተጻፈው በእነዚህ ሰነዶች ነው።

ድንበሩ

ገዳሪፍ ቀድሞ «ሱቅ አቡ ሲን» እየተባለች በሹክሪያ ሼኮች ስም ትጠራ የነበረች የገበያ ከተማ ናት። የሰሊጥና የማሽላ እርሻዋ ሐውሳ፣ መሳሊት፣ ቤጃና ሌሎችንም ሰብስቧል፤ በየዓመቱም ከዐማራ ክልል በመተማ የሚሻገሩ የቀን ሠራተኞችን ይስባል። ከ1967 ጀምሮ ደግሞ በመጀመሪያ ከኤርትራ፣ ቀጥሎ ከትግራይና ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የሚመጡ ስደተኞች መጠለያ ሆናለች። በ1984 እና በ1985 ረሀብና ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲያፈልስ ኡም ራኩባ ከታወቁት ጣቢያዎች አንዱ ነበር። ይኸው ጣቢያ ከኅዳር 2020 በኋላ እንደገና ተከፈተ። ከትግራይ በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ከ60,000 በላይ ሰው ሲሻገር፣ ከዚያም በ2021 ቱናይድባህ ሲጨመር፣ ከወላጆቻቸው የተለዩ ልጆች አብረው ነበሩ።

ሱዳን በ1974 ያወጣችው የጥገኝነት ሕግና በ2014 የተካው ሕግ ዐበይት ጉዳዮቻቸው የስደተኛ ፈቃድ፣ መኖሪያና ሥራ ናቸው። አገሪቱ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል የመዘዋወር ነጻነትን በሚመለከተው አንቀጽ 26 ላይ ተዐቅቦ አድርጋለች። በዚህ ምክንያት በጣቢያ ያለ ልጅ የሚሰጠው በአብዛኛው በዚያው ጣቢያ ለሚኖር ቤተሰብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ1988 እና በ1994 ያወጣቸው የስደተኛ ሕፃናት መመሪያዎችም ልጁ በራሱ ማኅበረሰብ ውስጥ እንዲያድግ ይመክራሉ። የቋንቋው መስፈርት በዚህ ይሟላል፤ ትግርኛ ተናጋሪውን ልጅ ትግርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ይቀበለዋል። የዝምድናው ስም ግን ሳይወሰን ይቀራል። አሳዳጊዎቹ ክርስቲያኖች በሆኑ ጊዜ ከፋላ የእነርሱ ሥርዐት አይደለም። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌለበት ጉዲፈቻ አይጸድቅም። የእርዳታ ድርጅት መዝገብ ደግሞ ለጥበቃ ሥራ ይረዳል እንጂ ዝምድና አይመሠርትም።

ቃላቱ ራሳቸውም እንቅፋት ይሆናሉ። «ከፊል» ለዐማርኛ ተናጋሪ በመጀመሪያ «ጎዶሎ፣ በከፊል» ማለት ነው፤ ዐረብ አገር ሠርቶ ለተመለሰ ሰው ደግሞ ፓስፖርት የሚይዘው አሠሪ ነው። አንዲት አሳዳጊ የልጁ «ከፊል» ሆና እንድትፈርም ብትጠየቅ፣ የምትሰማው ልጁን ለሥራ እንደ መቀበል ሊሆን ይችላል። «በዲላ» የሚለውም ለዐማርኛ ጆሮ «በደል»ን ያስታውሳል፤ «አሳዳጊ የበደለው» ስድብ በሆነበት ቋንቋ ይህ መልካም ጉርብትና አይደለም። በአንጻሩ ለ«አደራ» ዐረብኛው «አማና» ቅርብ ነው፤ ሁለቱም የሚጠብቀውን ሰው ታማኝነት ይጠይቃሉ፣ ሁለቱም ስም አይለውጡም። ይሁን እንጂ በሁለቱ አገሮች የሕግ ጽሑፍ ውስጥ ልጅን በተመለከተ «አማና» እና «አደራ» አልተጣመሩም።

በድንበሩ ሁለት ወገን የሚታወቅ ሌላም የዝምድና መንገድ አለ፤ እርሱም የጡት ዝምድና ነው። የእስልምና ሕግ ሌላዋ ሴት ያጠባችውን ልጅ ከቤቷ ልጆች ጋር እንዳይጋባ በማድረግ ወደ ቤቱ ያስገባዋል። ዐማርኛም «የጡት ልጅ» እና «የጡት አባት» የሚሉ አሮጌ ስሞች አሉት፤ በቀድሞ ዘመን የፖለቲካ ታማኝነት ማሰሪያም ነበሩ። ሁለቱም የአባትን ስም ሳይነኩ ዝምድና ይፈጥራሉ። የዛሬው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ግን በዝምድና ምንጭነት የሚያውቀው ሥጋን፣ ጋብቻንና ጉዲፈቻን ነው።

ፍርድ ቤቱ ግሱን ሲያነሣ

በኢትዮጵያ በኩል ለድንበሩ ልጆች ከሁሉ የሚቀርበው ማሻሻያ የመጣው ከአዋጅ ሳይሆን ከፍርድ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የተመለከተው ጉዳይ እናቱ የሞተችበትን ልጅ የሚመለከት ነበር። አክስት ልጁን ለዓመታት አሳድጋለች፤ የጉዲፈቻ ውል አልነበረም። አባት ቆይቶ መጥቶ ልጁ ይሰጠኝ አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች በሕጉ ቃል መሠረት ለአባት ወሰኑ፤ ወላጅ አሳዳሪ ነውና። ሰበር ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ይቀድማል በማለት ውሳኔውን ሻረ፤ ልጁም ከአክስቱ ዘንድ እንዲቆይ አደረገ።

ፍርዱ አክስትን እናት አላላትም፤ ጉዲፈቻ አድራጊም አላላትም። ያየው የሠራችውን ሥራ ነው። ማሳደግ ስም ሳይሰጠው በሕግ ፊት የሚቆጠር እውነታ ሆነ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤትን ስለሚያስገድድ፣ በመተማ የሚቀርብ ክርክርም በዚህ ይዳኛል። ከኡም ራኩባ ወይም ከቱናይድባህ የተመለሰች አሳዳጊ የጉዲፈቻ ውል ባይኖራትም የምታቀርበው ነገር አላት፤ ልጁን ያሳደገችባቸው ዓመታት።

ይሁን እንጂ የፍርዱ ወሰን ሊታወቅ ይገባል። ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለውን ይመልሳል፤ በማን ስም ይጠራ፣ ማንን ይውረስ የሚሉትን አይመልስም። እነዚህ ጥያቄዎች አሁንም በ«ጉዲፈቻ» እና በ«ከፋላ» መካከል ተንጠልጥለው አሉ።

የተገላቢጦሽ ስደት

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም የተነሣው ጦርነት የሃያ ዓመቱን ማሻሻያ ፈተነው። ማይጎማ በተኩስ መካከል ቀረ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት ሞቱ። በሰኔ ወር መጀመሪያ ወደ 300 የሚጠጉት በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀልና በዩኒሴፍ እርዳታ ወደ ዋድ መደኒ ተወሰዱ። በታኅሣሥ 2023 ግን ዋድ መደኒም ተያዘች፤ ከዚያ የፈለሰው ሕዝብ ብዙው ወደ ገዳሪፍ ገባ። ለአርባ ዓመታት የኢትዮጵያን ስደተኛ ትቀበል የነበረችው ከተማ የራሷን አገር ተፈናቃይ ተቀበለች። ሱዳናውያን ቤተሰቦችም መተማን ተሻግረው በዐማራ ክልል በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ሰፈሩ፤ በ2024 ደግሞ በአፍጢት አዲስ ጣቢያ ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ የቃላቱ ችግር አቅጣጫውን ለወጠ። በካርቱም በከፋላ የተሰጠ ልጅ ከ«ከፊሉ» ጋር መተማ ሲደርስ የአሳዳጊውን ስም አይጠራም፤ ስለዚህ ስም አይቶ ዝምድናን የሚገምት መዝጋቢ ባዕድ ሊያደርገው ይችላል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የቤተሰብን አንድነት ይጠብቃል፤ ይሁንና የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ «ከፋላ» የሚል መደብ የለውም። በ1996ቱ የሄግ የሕፃናት ጥበቃ ስምምነት አንቀጽ 3 ከፋላ በግልጽ ተጠቅሷል፤ ነገር ግን ሱዳንም ሆነች ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል አይደሉም።

ማጠቃለያ

የካርቱሙ ማሻሻያ የተራመደው ሕዝቡና ሊቃውንቱ ሊቀበሉት የሚችሉት ስም በተገኘለት ጊዜ ነው። የኢትዮጵያው «ጉዲፈቻ» ትርጉሙ ጠንካራ ሆኖ ሳለ በውጭ አገሩ ሥርዐት ምክንያት በሕዝብ ንግግር ተጎዳ። በድንበሩ ላይ አንዱ አገር የሰጠው ስም በሌላው አይታወቅም፤ የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ልጁ ነው።

የክልሉ ቋንቋዎች አጥኚዎች በዚህ ረገድ የሚሠሩት ተጨባጭ ሥራ አለ። በገዳሪፍና በመተማ ለሚጻፉ የምዝገባ ቅጾች የዐማርኛ፣ የትግርኛና የሱዳን ዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ «ከፋላ»ን በ«ጉዲፈቻ»፣ «ከፊል»ን በ«ዋስ» መተርጐም ልጁን ወደማይገባው መደብ ያስገባዋል። በቅጹ መጀመሪያ ላይ ሦስቱም ቋንቋዎች የሚጋሩት ግስ ቢቀመጥ ጥያቄው በሁሉም አንደበት አንድ ይሆናል፤ ይህን ልጅ ማን እያሳደገው ነው? ከመቼ ጀምሮ? ስምና ውርስ ከዚያ በኋላ፣ እያንዳንዱ ሕግ በራሱ ቃል የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ናቸው።